ሚክሰር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለቤት ዳቦና ኬክ የሚሆነውን እንዴት እንምረጥ?

በእኛ ቤት ድፎ ዳቦ ማለት ሁለት ኪሎ ዱቄት ነው። ከዚያ ካነሰ እማዬ «ይሄማ ለቁርስ ነው» ትላለች። ከአራት ዓመት በፊት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግን እጇ እምቢ አላት። የእጅ አንጓዋን ያማት ነበር። ሊጡን እኔ አሸሁት። ሲነጋ ትከሻዬን ማንሳት አቃተኝ። ሚክሰር ልገዛላት ወሰንኩ።

የገዛሁት በመልኩ ነበር። ቀይ ነው። ያብረቀርቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1500 ዋት ተጽፏል። ለመስቀል ሁለቱንም ኪሎ ዱቄት አንድ ላይ ጨመርንበት። ሊጡ መንጠቆው ላይ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ወጣ። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመረ። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ወስጄ ሳሳያቸው ሻጮቹ «ይሄ እኮ የኬክ ነው፤ ዳቦ አይችልም» አሉኝ። እማዬ ምንም አላለችም። ያን ቀን ሊጡን በዚያው በሚያማት እጇ ጨረሰችው። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ለጓደኞቼም፣ ለጎረቤትም ብዙ ሚክሰር አገላብጬ መርጫለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ገንዘቡን እንዳያጣ ነው። ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

አንደኛ፦ የምትጋግሩትን ጻፉ

ወረቀት ያዙ። ባለፉት ሦስት ወራት ምን ጋገራችሁ? በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ ዱቄት ተጠቀማችሁ? ልጋግር ብላችሁ የምታስቡትን ሳይሆን በእርግጥ የጋገራችሁትን ጻፉ።

ኬክ ብቻ ከሆነ፣ እሱም በወር አንዴ ለልደት፣ የእጅ ሚክሰር ይበቃችኋል። እንቁላልና ስኳር ይመታል፤ የገበታ ቅቤም ለክሬም ያለሰልሳል። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ የኬክ መጋገሪያና የኩሽና ሚዛን ግዙበት።

የጾም ኬክ ደግሞ ጭራሽ ማሽን አይፈልግም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ቤታችሁ የሚጋገረው በዘይት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የሚሠራው ነው። ያ ኬክ በማንኪያ ተቀላቅሎ ቶሎ ምድጃ መግባት አለበት። ብዙ ከተመታ ይደርቃል፤ ይጠነክራል።

ለእንጀራ ብላችሁም አትግዙ። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያለጥጠው ግሉተን የለውም። ስለዚህ የጤፍ ሊጥ ደህና ከተዋሐደና ጓጉል ከሌለው ይበቃዋል፤ የማሽን እሽት የሚጨምርለት ጥንካሬ የለም።

ዳቦ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ድፎ፣ አምባሻ፣ ቦምቦሊኖ፣ የወተት ዳቦ በየሳምንቱ የሚጋገርበት ቤት ከሆነ ሚክሰር ዋጋውን ያወጣል። የስንዴ ሊጥ በእጅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መታሸት ይፈልጋል። ማሽን ግን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ቀሪው የዚህ ጽሑፍ ክፍል በዋናነት ለእናንተ ነው።

ሁለተኛ፦ የሳህኑን መጠን በዱቄት አስሉ

ሻጭ የሚነግራችሁ ሊትር ነው። እናንተ የምታውቁት ደግሞ ኪሎ ነው። ሁለቱን ማገናኘት አለባችሁ።

ሁለት ኪሎ ዱቄት በትንሹ 1.2 ሊትር ውኃ ይጠጣል። እርሾው፣ ጨውና ዘይቱ ሲጨመር ሊጡ ከ3.2 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሊጥ ደግሞ ሲታሽ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይነሳል፣ መንጠቆውን ይወጣል፣ ሳህኑን ይገፋል። ስለዚህ የሊትሩ ቁጥር ትልቅ መስሎ ቢታይም የሚሠራው ግማሹ ነው ብላችሁ አስቡ።

የእኔ ልምድ እንዲህ ነው። ከ4.5 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ሳህን በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ገደማ የፉርኖ ዱቄት በደህና ያሻል። ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ከሆነ ከዚያም ቀንሱ፤ ሊጡ ይከብዳል። 7 ሊትር አካባቢ ያለውና ጠንካራ ሞተር ያለው ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩልን ይችላል። ሁለት ኪሎ ደረቅ የድፎ ሊጥ አንድ ላይ የሚያሽ የቤት ሚክሰር ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩ «ይችላል» ካላችሁ መመሪያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የዱቄት ልክ ያሳያችሁ።

እኛ ቤት መፍትሔው ሁለት ዙር ሆነ። እማዬ አንዱን ኪሎ በማሽኑ ታሽና በጨርቅ ትሸፍነዋለች። ከዚያ ሁለተኛውን ትጨምራለች። በመጨረሻ ሁለቱን በእጇ አንድ አድርጋ ኮባው ላይ ትዘረጋለች። ለዓመት በዓል ብቻ ብላችሁ ግዙፍ ማሽን አትግዙ። ትልቅ ሳህን ውስጥ ትንሽ ሊጥ ስትጨምሩ መንጠቆው አይደርስበትም። ሁለት እንቁላል ለመምታትም አይመችም።

ቁም ሣጥንም ለኩ። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ኩሽናው ጠባብ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሚክሰር ሲከፈት ከላይ ካለው መደርደሪያ ጋር ይጋጫል። ዝግ ሆኖ ሳይሆን ተከፍቶ ያለውን ቁመት ለኩ።

ሦስተኛ፦ ዋቱን አትመኑ

ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገር።

ዋት ማለት ማሽኑ ከቆጣሪ የሚስበው መብራት ነው። መንጠቆው ሊጡን የሚገፋበት ጉልበት አይደለም። ብዙ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ሁሉ እንጦጦን አይወጣም። የሳበው ኃይል ወደ ሙቀትና ጩኸት ሊሄድ ይችላል። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲጨናነቅ ለቅጽበት የሚስበው ከፍተኛው ልክ ነው።

ማነጻጸሪያ ልስጣችሁ። ኪችንኤይድ የሚባለው የታወቀ የአሜሪካ ሚክሰር አርቲዛን የሚል ሞዴል አለው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው 325 ዋት ነው። ለአውሮፓ የሚሠራው 300 ዋት ነው። እኔ ያቃጠልኩት 1500 ዋት ይል ነበር። ልዩነቱ ከውስጥ ነው፤ በጥርሶቹ ብረት፣ በሞተሩ ጥቅልልና ጉልበቱ ወደ መንጠቆው በሚደርስበት መንገድ።

ከዋት ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ። መመሪያው በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ ዱቄት ይፈቅዳል? ስንት ደቂቃ ያለ ዕረፍት ይሠራል? የውስጥ ጥርሶቹ ብረት ናቸው ወይስ ፕላስቲክ? አምስት ደቂቃ ሠርቶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ የሚል ማሽን የዳቦ ማሽን አይደለም። ስለ ጥርሱ ግን ቸኩላችሁ አትፍረዱ። አንዳንድ ጥሩ ማሽን ሞተሩን ለማዳን ሲባል አንድ ደከም ያለ ጥርስ ሆን ተብሎ ይደረግበታል። ያ ጥርስ ቀድሞ ይሰበራል፤ ሞተሩ ይተርፋል። ጥያቄው ጥርሱ ተለዋጭ አለው ወይ የሚለው ነው።

አራተኛ፦ አሠራሩን በዓይንና በእጅ ፈትሹ

በ1908 ኸርበርት ጆንስተን የሚባል የሆባርት ኩባንያ መሐንዲስ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሊጥ በብረት ማንኪያ ሲታገል አይቶ ለዚህ ማሽን መሥራት አለብኝ አለ ይባላል። የዳቦ ቤቱ ትልቅ ማሽን ቀድሞ ወጣ፤ የቤቱ በ1919 ተከተለ። የዚያ ሥራ ቁም ነገር ዛሬም አልተለወጠም። ሳህኑ ይቆማል፤ መምቻው ራሱን እየዞረ በሳህኑ ዙሪያም ይዞራል፤ ልክ ምድር ራሷን እየዞረች ፀሐይን እንደምትዞር። እንዲህ ሲሆን ጥግ ላይ ያልተነካ ዱቄት አይቀርም።

ሱቅ ውስጥ ይህን አረጋግጡ። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ የእጅ ሚክሰር ቆሞ ነው፦ ሁለት ቀጫጭን መምቻዎች በአንድ ቦታ ይዞራሉ፤ ሳህኑ እየተገፋ ይንከባለላል። ለኬክ ይሆናል፤ ሊጥ ግን ያቆመዋል።

ቀጥሎ ጭንቅላቱን ቆልፉና በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅንቁት። ገና ባዶውን የሚወዛወዝ ከሆነ ሊጥ ሲገባ ይባስ ይላል። ማሽኑን አንሱት። በአንድ እጅ እንደ ቦርሳ የሚነሳ ማሽን ሲያሽ ይራመዳል። ደህና የዳቦ ሚክሰር ብዙ ጊዜ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል፤ ከዚያም ያልፋል።

ሳህኑ አይዝጌ ብረት ይሁን። ከእሱ ጋር ሦስት ነገር መኖር አለበት፦ ለሊጥ መንጠቆ፣ ለኬክ ጠፍጣፋ መምቻ፣ ለእንቁላልና ለክሬም ባለ ሽቦ መምቻ። ስጋ መፍጫ፣ ፓስታ ማውጫ፣ ጭማቂ መጭመቂያ የሚሉትን ማጓጊያዎች ለጊዜው እለፏቸው። መንጠቆውና ጠፍጣፋው ከአሉሚኒየም ከሆኑ በእጅ እጠቧቸው፤ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይጠቁራሉ።

አምስተኛ፦ መብራቱን አስቡ

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚከሰተው በአንዲት ቅጽበት ነው።

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካና የካናዳ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ሚክሰር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣለት ነው። አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ሚክሰሩ ግማሹን ይወስዳል። የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ያመጣውን ማሽን አንዲት ጎረቤታችን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስትሰካው አይቻለሁ። አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ጭስ ብቻ።

ስለዚህ ማሽኑን ገልብጡና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ220 እስከ 240 ቮልት ካለ በሰላም ይሰካል። 110 ወይም 120 ካለ ያለ ትራንስፎርመር አይነካም። በስፒናው ቅርጽ ብቻ አትፍረዱ። ሁለት ጠፍጣፋ እግር ካለው ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ሻጭ ስፒናውን ቆርጦ በእኛ ይቀይረዋል። ሽቦው ተቆርጦ የተቀጠለ ከመሰላችሁ እጥፍ ተጠንቀቁ።

ከዱባይ ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ጭንቀቱ ያንሳል። የእነሱ ቮልት ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ስፒናው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ስለሆነ አስማሚ ብቻ ይፈልጋል። ዘመድ ሲመጣ ከየት ላምጣላችሁ ካላችሁ ይህን አስታውሱት።

የአሜሪካውን ለመጠቀም የወሰነ ሰው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዛ። የማሽኑን ዋት በሁለት ተኩል ወይም በሦስት አባዙ። ለ325 ዋት ሚክሰር የ1000 ዋት ትራንስፎርመር እመርጣለሁ፤ ሞተር ሲነሳና ሊጥ ሲከብደው ከተለመደው በላይ ይስባል። ከባዱን፣ የመዳብ ጥቅልል ያለውን ውሰዱ። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ቀላል መቀየሪያዎች ለሞተር አይሆኑም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር በዚህ አይቸገርም፤ ሌላው ዓይነት ግን ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ይሞቃል።

በማንኛውም ሚክሰር ላይ ግን፣ ቮልቱ ቢስማማም፣ መብራት ከፍ ዝቅ ለሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይጠቅማል።

ስድስተኛ፦ የት እንግዛ?

መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው፤ መደራደርም ይቻላል። ቦሌና መገናኛ ያሉት የዕቃ መደብሮች ይወደዳሉ፤ ደረሰኝና ጋራንቲ ለማግኘት ግን ይቀላሉ። ፒያሳ የነበሩ ሱቆች ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ቦታ የቀየሩ ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። የበዓል ባዛር ላይ ዋጋው ሊያጓጓ ይችላል፤ ባዛሩ ሲያልቅ ግን ድንኳኑም ሻጩም ይነሳል። ባዛር ላይ የምገዛው በከተማው ቋሚ ሱቅ ያለውን ብቻ ነው፤ አድራሻውንም ደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ።

የትም ብትገዙ «ቴስት አድርጉልኝ» በሉ። ካርቶኑ ተከፍቶ ይሰካ። ከትንሹ ፍጥነት ጀምራችሁ እስከ ትልቁ እያንዳንዱን ሞክሩ። በየፍጥነቱ ድምፁ እየጨመረ መሄድ አለበት። ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ፣ የእሳት ብልጭታ ወይም የሚያቃጥል ሽታ ካለ ተዉት። አዲስ ማሽን መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ የዘይት ሽታ ቢኖረው ግን አትደንግጡ።

ትንሹን ፍጥነት በደንብ እዩት። ብዙ ርካሽ ማሽን ገና አንድ ቁጥር ላይ ይፈተለካል። ዱቄቱን ፊታችሁ ላይ ይበትነዋል፤ ሊጡንም ይቆራርጠዋል። ፍጥነቱ ቁጥር አንድ ላይ ሲሆን መንጠቆው በዓይን ተከትላችሁ የምትቆጥሩት ያህል ቀስ ማለት አለበት።

ሰባተኛ፦ ያገለገለ ዕቃና ጥገና

አገር ለቅቀው የሚሄዱ የኤምባሲና የድርጅት ሠራተኞች የሚሸጡት ዕቃ ውስጥ ጥሩ ሚክሰር ይገኛል። እኔ ያገለገለ ጠንካራ ማሽን ከአዲስ ደካማ ማሽን እመርጣለሁ። ቮልቱን ግን መጀመሪያ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ 120 ናቸው። ጭንቅላቱን ከፍታችሁ መምቻው በሚገባበት ቦታ ላይ ዘይት መፍሰሱን እዩ። ጥቂት ከሆነ ቅባቱ አርጅቷል ማለት ነው፤ ተጠርጎ ይቀየራል። ዋጋውን ግን ቀንሱበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠጋኝ አማክሩ። እኔ የምሄድባቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ የማሽኑን ፎቶ ብቻ አይተው «ልጄ፣ የዚህ ካርቦን ይገኛል» ወይም «ይሄ ሲሰበር ተጣለ ማለት ነው» ይሉኛል። ካርቦን የሚሉት ሞተሩ ውስጥ እያለቀ የሚሄደውን ትንሽ ብሩሽ ነው፤ እሱ ተቀይሮ የሚነሳ ማሽን ብዙ ነው። ጥርስ ደግሞ በስሙ ካልተገኘ ከሌላ አሮጌ ማሽን ይወጣል። ያገለገለ ዕቃ የሚገላበጥበት ምናለሽ ተራ ለዚህ ይጠቅማል። የታወቀ ስም ያለው፣ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የያዘው ማሽን የሚሻለው ለክብር አይደለም። ሲሰበር መለዋወጫው ይገኛል።

ስምንተኛ፦ ቤት ከገባ በኋላ

መጀመሪያ ከፍታውን አስተካክሉ። ብዙ ማሽን ላይ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ማስተካከያ ብሎን አለ። ጠፍጣፋውን መምቻ አስገቡ፤ ሳህኑ ውስጥ ስስ ሳንቲም ጣሉ፤ በትንሹ ፍጥነት አዙሩት። መምቻው በየዙሩ ሳንቲሙን ገፋ እያደረገው ከሄደ ልክ ነው። ካልነካው ከሥር ያልተደባለቀ ዱቄት ይቀራል። ሳንቲሙን እየጎተተ ከወሰደው ደግሞ ሳህኑን ይፍቃል።

ሊጥ ሁልጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ፍጥነት ይታሽ። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ መጨመር ሞተር የሚገድል ነገር ነው። ውኃውን መጀመሪያ ጨምሩ፤ ዱቄቱን ከላይ። አምስት ደቂቃ ሲሆን አቁማችሁ ከመንጠቆው ላይ አውርዱት። ጭንቅላቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቆም ከሆነ ግን አሳርፉት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩን ሙቀት ቶሎ አይወስድለትም። ሊጡ መድረሱን ለማወቅ ቁራሽ ወስዳችሁ በጣታችሁ ወጥሩት። ሳይቀደድ ሳስቶ ብርሃን ካሳየ በቅቶታል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። እርሾ ያለው ሊጥ እዚህ ቶሎ ይነሳል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። ለኬክ የምትመቱትን የእንቁላል ነጭ ደግሞ ጠንክሮ እስኪቆም አትጠብቁ። መምቻውን ስታነሱት ጫፉ ጎንበስ ሲል አቁሙ። ከዚያ ካለፈ ምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ ያብጥና መሐሉ ይሰምጣል።

መብራት መሐል ላይ ከሄደ መጀመሪያ ማሽኑን ዜሮ ላይ መልሱ፤ ከዚያ ንቀሉት። መብራቱ ሲመለስ በኃይል ሊመጣ ይችላል፤ ማሽኑም እጃችሁ ሳህኑ ውስጥ እያለ ሊነሳ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ግማሽ የታሸው ሊጥ አይበላሽም። እርጥብ ጨርቅ አልብሱትና 20 ደቂቃ ተዉት። ሲያርፍ በራሱ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በእጅ ማሸቱ ይቀላል። ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመጣ እማዬ ጨርሳ ኮባውን እያጠበች ታገኟታላችሁ።